አንድ ዓይነት፣ በርከት ብሎ፦ በመንጋ የሚኖሩ ትናንሽ ዓሣዎችን በቤት አኳሪየም መንከባከብ

ኒዮን ቴትራ፣ ራስቦራ፣ ዳኒዮና መሰሎቻቸው ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚያድጉ ለጀማሪ ቀላል ይመስላሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ ውሃው ሳይበስል፣ ማለትም የዓሣን ቆሻሻ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ሳይበዙበት፣ ዓሣ ያስገባል፣ ከአምስት ዓይነት ሁለት ሁለት ይገዛል። የመጀመሪያው ስሕተት ዓሣውን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይገድለዋል። ሁለተኛው ወዲያው አይገድልም፤ ዓሣዎቹ ግን ቀለማቸው ደብዝዞ፣ ከዕፅዋት ጀርባ ተሸጉጠው ይኖራሉ።

ስንት ሲሆኑ ነው መንጋ የሚባሉት?

እነዚህ ዓሣዎች በተፈጥሮ የትልልቆች ቀለብ ናቸው። መከላከያቸው ብዛት ነው፤ አዳኙ ብዙ ተመሳሳይ አካል አብሮ ሲንቀሳቀስ ሲያይ አንዱን ነጥሎ መያዝ ይቸግረዋል። በዓይናቸውና በጎናቸው ላይ በተዘረጋው የስሜት መስመር የጎረቤታቸውን እንቅስቃሴ ይከታተላሉ። ብቻውን ወይም ሁለት ሦስት ሆኖ የቀረ ዓሣ ቀኑን በስጋት ይውላል፤ የምግብ ፍላጎቱም በሽታ የመቋቋም አቅሙም ይቀንሳል። ዳኒዮና ባርብ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ሲያንሱ ይባስ ጠበኛ ይሆናሉ። ጉልበተኛው አንዱን ደካማ መርጦ ያሳድዳል፤ ሲበዙ ግን ማሳደዱ ለብዙዎች ስለሚዳረስ ማንም አይጎዳም።

ስድስት ይበቃል ሲባል ይሰማል። ስድስት የመጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር ነው፤ አስርና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ጠባያቸው በግልጽ ይለወጣል። ቆጠራው በዓይነት ነው፤ አምስት ኒዮንና አምስት ራስቦራ አንድ ላይ አስር አይባሉም፤ ሁለት ያልሞሉ መንጋዎች ናቸው። ቦታው ለአስራ ሁለት ዓሣ ብቻ የሚበቃ ከሆነ አስራ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ሌላው ከወዲሁ መታወቅ ያለበት፦ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚታጠፍ፣ የተጠጋጋ መንጋ ቤት ውስጥ ዘወትር አይታይም። ዓሣ ተጠጋግቶ አንድ አቅጣጫ የሚይዘው ሲፈራ ወይም ቦታው አዲስ ሲሆንበት ነው። የተረጋጋ መንጋ ላላ ብሎ በገንዳው መሃል ይበተናል፤ ወንዶቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ይፎካከራሉ፤ በር ሲንኳኳ ሰብሰብ ይሉና መልሰው ይላላሉ። መንጋው ጠበቅ ብሎ እንዲታይ ተብሎ ትልቅ ዓሣ አብሮ ማስገባት ዓሣዎቹን በፍርሃት ማኖር ነው።

የትኛው ዓይነት?

በጣም የታወቀው ኒዮን ቴትራ ነው። መገኛው የአማዞን ተፋሰስ ምዕራባዊ ክፍል ሲሆን ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ዛሬ በየመደብሩ የሚሸጠው ከሞላ ጎደል ሁሉም በእርባታ የተገኘ ነው። ከ21 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ከእርሱ ጋር የሚምታታው ካርዲናል ቴትራ ነው፤ የካርዲናል ቀይ መስመር ከጭንቅላቱ ሥር እስከ ጅራቱ ሙሉ ሲሄድ የኒዮን ግን ከሆዱ መሃል ይጀምራል። ካርዲናል የሪዮ ኔግሮ ዓሣ ነው፤ ብራዚል ውስጥ በባርሴሎስ ከተማ አካባቢ ዓሣ አጥማጆች ለረጅም ዘመን ከወንዙ እየያዙ ለንግድ ሲያቀርቡት ኖረዋል። ከ24 እስከ 28 ዲግሪና ለስላሳ ውሃ ይፈልጋል። ሁለቱ ቢመሳሰሉም ሙቀታቸው የሚገናኘው በጠባብ ክልል ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ምርጫችን ሃርለኩዊን ራስቦራ ነው። ከማሌዥያና ከሱማትራ አካባቢ የመጣ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ያለው፣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ዓሣ ነው። ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ይኖራል፣ ጠብ አያውቅም፣ የጀማሪን ስሕተትም ከኒዮን በተሻለ ይችላል። ገንዳው ትንሽ ከሆነ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚያክለው ብርቱካናማው ኤምበር ቴትራ ይሻላል። ዜብራ ዳኒዮ ጠንካራ ነው፤ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ሲሮጥ ስለሚውል ከገንዳው ጥልቀት ይልቅ ርዝመቱ ይጠቅመዋል። የደቡብ ቻይናው ዋይት ክላውድ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ስለሚወድ ቀዝቀዝ ባለ ቤት ማሞቂያ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ሞቃት ውሃ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ተጠጋግቶ መዋኘትን የሚወድ ሰው ረሚ ኖዝ ቴትራን ይፈልግ። ሳይፈራም ተሰብስቦ የሚዋኝ እርሱ ነው። ከ80 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ርዝመት ያለው ገንዳ ይጠይቃል። አፍንጫው ላይ ያለው ቀይ ቀለም ውሃው ሲበላሽ ወይም ሲደነግጥ ይገረጣል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አብሮ ያለ መለኪያ ነው። ታይገር ባርብና ሰርፔ ቴትራ ያምራሉ፤ ነገር ግን ረጅም ክንፍ ያለውን ሁሉ ስለሚነክሱ ቤታና ጉፒ ከሚባሉት ዓሣዎች ጋር አይኖሩም። አንጀልፊሽ ደግሞ ሲያድግ ኒዮንን ይውጣል።

ምርጫውን የሚወስነው ዋነኛው ነገር ግን ቤት ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ነው። ጥንካሬው ማለትም የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠኑ፣ ፒኤቹም ማለትም የአሲድነቱ ልክ ዓሣ ከመገዛቱ በፊት ይለካ። ፒኤቹ 8 የደረሰና ጠንካራ ውሃ ለዳኒዮና ለዋይት ክላውድ ችግር የለውም፤ ለካርዲናል ግን አይሆንም። ፒኤችን በኬሚካል ለማውረድ መታገል አይመከርም። ጠንካራ ውሃ ፒኤቹን መልሶ ይጎትተዋል፤ ዓሣን የሚጎዳው ደግሞ በትንሹ ከፍ ያለ ቋሚ ቁጥር ሳይሆን ከቀን ቀን የሚወጣና የሚወርድ ቁጥር ነው።

ገንዳውና ዕቃው

60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋትና 35 ከፍታ ያለው ገንዳ ጥሩ መነሻ ነው። በስሌት 63 ሊትር ይይዛል፤ አሸዋው፣ እንጨቱና ከላይ የሚተወው ባዶ ቦታ ሲቀነስ ግን እውነተኛው ውሃ ወደ 50 ሊትር ነው። መድኃኒትና ኬሚካል ሲለካ መያዝ ያለበት ይህ 50 እንጂ 63ቱ አይደለም። ሲሞላ ከመስታወቱና ከአሸዋው ጋር ወደ 75 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ስለዚህ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ከታች ያለው ጠረጴዛ ወደ የትኛውም ጎን ያላዘነበለ ይሁን። ቀጥተኛ ፀሐይ በማይነካው፣ ሰው ደጋግሞ በማያልፍበት ጥግ ይቀመጥ።

ከ20 ሊትር ያነሰ ገንዳ ቀላል ይመስላል እንጂ የበለጠ ከባድ ነው። ውሃው ባነሰ ቁጥር አንድ የተረሳ የምግብ ቁንጥር ወይም አንድ የሞተ ዓሣ ሁሉንም ይመርዛል።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦

- ማጣሪያ፦ በሰዓት የገንዳውን ውሃ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚያዘዋውር፤ ለ50 ሊትር በሰዓት ከ200 እስከ 300 ሊትር። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ለእነዚህ ዓሣዎች በጣም ተስማሚ ነው፤ ትንንሾቹን ስቦ አይውጥም።
- ማሞቂያ፦ በሊትር 1 ዋት ገደማ፤ እዚህ ባለ 50 ዋቱ ይበቃል። ከማሞቂያው ተቃራኒ ጥግ የሚቀመጥ ቴርሞሜትርም ያስፈልጋል፤ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ አይታመንም።
- መብራት ከታይመር ጋር፣ ክዳን፣ ክሎሪን ማስወገጃ ፈሳሽ።
- አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች የሚለካ ባለ ጠብታ መሞከሪያ ኪት። ከማንኛውም ጌጥ በፊት ይህ ይገዛ።
- ለአኳሪየም ብቻ የተለየ፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ባልዲና የላስቲክ ቱቦ።

የአየር ፓምፑ ከውሃው ገጽ በታች የሚቀመጥ ከሆነ ቱቦው ላይ ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ትንሽ ቫልቭ ይግባ፤ አለበለዚያ ኃይል ሲቋረጥ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑን ያበላሻል፣ ወለሉንም ያጥለቀልቃል። እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ገመድ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ እንደገና ወደ ላይ እንዲወጣ ይደረግ፤ ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ጠብታ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

አሸዋ፣ ዕፅዋት፣ ብርሃን

ለ60 በ30 ሴንቲ ሜትር ወለል 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለማንጠፍ ወደ 7 ሊትር፣ በክብደት 11 ኪሎ ግራም ገደማ አሸዋ ይበቃል። የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይታጠብ። ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ጠጠር ወይም ድንጋይ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ይደረግበት፤ ከፈላ ኖራ አለበትና የውሃውን ጥንካሬና ፒኤች ይጨምራል። ጠቆር ያለ አሸዋ ይመረጣል፤ በነጭ ወለል ላይ ዓሣዎቹ ቀለማቸውን ያደበዝዛሉ።

ዕፅዋት ለጌጥ ብቻ አይደሉም። መሸሸጊያ በቅርብ ያለው ዓሣ ደፍሮ መሃል ይወጣል፤ መሸሸጊያ የሌለው ባዶ ጥግ ላይ ይከማቻል። ጃቫ ፈርንና አኑቢያስ ደካማ ብርሃን ይችላሉ፤ ነገር ግን አግዳሚ ግንዳቸው አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ በክር እንጨት ላይ ይታሰሩ። ከኋላና ከጎን ጥቅጥቅ ይደረጉ፣ ፊት ለፊት ለመዋኛ ክፍት ይተው። ከላይ የሚንሳፈፉ ዕፅዋት ብርሃኑን ስለሚያለዝቡ ቴትራዎች በተለይ ይወዷቸዋል። መብራቱ በቀን በድምሩ ለ6 ወይም ለ8 ሰዓታት ያህል በታይመር ይብራ፤ ከዚያ ያለፈው አልጌ ይቀልባል።

ውሃውን ማብሰል

እዚህ ላይ አይቸኮልም። ዓሣ በስንጥቦቹ (በመተንፈሻ አካሉ) እና በሽንቱ አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ስንጥቦችን ያቃጥላል። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት በዝቅተኛ መጠን እምብዛም አይጎዳም፣ በውሃ ቅየራም ይወገዳል። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም ማለት ይቻላል። እስኪበዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ውሃ ሞልቶ ሳምንት ማቆየት ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት ከሌለ አይበዙም።

ያለ ዓሣ ማብሰል እንዲህ ይሠራል፦

1. ገንዳው ይሞላ፣ ክሎሪን ማስወገጃ ይጨመር፣ ማጣሪያው ሌት ተቀን ይሥራ፣ ሙቀቱ 27 ዲግሪ አካባቢ ይሁን።
2. የውሃው አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም እስኪደርስ ይጨመር። በአሞኒየም ክሎራይድ ዱቄት ከሆነ ለ50 ሊትር 0.3 ግራም ገደማ ነው። ፈሳሽ አሞኒያ ከሆነ ሽቶም ሳሙናም የሌለበት መሆን አለበት፤ ጠርሙሱ ሲናጥ ብዙ አረፋ ይዞ የሚቆይ ከሆነ አይጠቅምም። ጥንካሬው ስለሚለያይ ጥቂት ጠብታ ጨምሮ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ፣ ለክቶ እንደገና መጨመር ነው።
3. በየሁለት ቀኑ አሞኒያና ናይትራይት ይለኩ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወርዳል፣ ናይትራይቱ ይወጣል። አሞኒያው ወደ ዜሮ ሲቃረብ እንደገና ወደ 2 ይመለስ።
4. ናይትራይቱ ከኪቱ የመጨረሻ ቀለም አልፎ ከወጣ ግማሹ ውሃ ይቀየር፤ እጅግ ሲበዛ ሥራው ይጓተታል።
5. ወደ 2 የተሞላው አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ፣ ናይትራይቱም ዜሮ ሆኖ ሲገኝ ገንዳው በስሏል። ሁለት ቀን በተከታታይ ይረጋገጥ።
6. የተጠራቀመውን ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች ለማድረስ ከውሃው 70 እስከ 80 በመቶ ይቀየር፤ ሙቀቱ ለሚገቡት ዓሣዎች ይስተካከል፤ በማግስቱ ዓሣ ይግባ። ዓሣው ከዘገየ ባክቴሪያዎቹ እንዳይራቡ ትንሽ አሞኒያ መጨመሩ ይቀጥል።

ሥራው ከሦስት ሳምንት በኋላም ካልተንቀሳቀሰ ፒኤቹ ይታይ። ከ6.5 በታች ሲወርድ ባክቴሪያዎቹ ይዘገያሉ፤ በጣም ለስላሳ ውሃ ላይ የሚገጥመው ይህ ነው። ከፊል ውሃ ቅየራ ብዙውን ጊዜ ያስነሳቸዋል። ሌላው የተለመደ ምክንያት ክሎሪን ያልወጣለት ውሃ መጨመር ነው።

ጤነኛ ዓሣ ካለበት፣ ለወራት ከሠራ አኳሪየም የተወሰደ ስፖንጅ በአዲሱ ማጣሪያ ውስጥ ቢገባ ጊዜው ወደ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሊያጥር ይችላል። ስፖንጁ በራሱ ገንዳ ውሃ እንደራሰ ይጓጓዝ፤ ደርቆ ወይም በቧንቧ ውሃ ታጥቦ ከመጣ የሞተ ነው። እንዲህ የተዘጋጀ ገንዳም ቢሆን ከላይ ያለውን የ24 ሰዓት ፈተና ማለፍ አለበት። በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያ አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም፤ የሚታመነው መለያው ላይ የተጻፈው ሳይሆን ኪቱ የሚያሳየው ነው።

ስለ ኪቱ አንድ ነገር፦ ብዙዎቹ የናይትሬት መለኪያዎች ሁለተኛው ጠርሙስ ውስጥ የሚዘቅጥ ነገር አለባቸው። ቢያንስ 30 ሰከንድ አጥብቀው ካልናጡት ናይትሬቱ የሌለ ይመስላል።

ዓሣ መምረጥና ማስገባት

መደብሩ ገንዳ ውስጥ አንድም የሞተ ወይም ነጭ ነጥብ ያለው ዓሣ ከታየ ከዚያ ገንዳ ምንም አይወሰድ፤ ሻጩ ጤነኛውን መርጬ እሰጣለሁ ቢልም። ክንፋቸውን የዘረጉ፣ ሆዳቸው ያልጎደጎደ፣ ትንፋሻቸው ያልፈጠነ ዓሣዎች ይመረጡ። መደብሩ ከደረሱ ቢያንስ ሳምንት የሆናቸው ይሻላሉ፤ በጉዞ የሚዳከሙት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሞታሉና።

በትክክል የበሰለ ገንዳ አስር ትናንሽ ዓሣዎችን በአንድ ጊዜ ይችላል። ሦስት ሦስት እያደረጉ ማስገባት ጥንቃቄ ይመስላል፤ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ለሳምንታት ያለ መንጋ ያስቀራል፣ በሽታ የሚገባበትንም በር ደጋግሞ ይከፍታል። ለ50 ሊትር አስር ኒዮን ወይም ራስቦራ፣ ወይም አስራ አምስት ኤምበር ይበቃል። ከወለሉ አካባቢ የሚኖር ሌላ መንጋ ከተፈለገ፣ ከሁለት ወር በኋላ ስድስት ፒግሚ ኮሪዶራስ መጨመር ይቻላል።

ሌሎች ዓሣዎች ያሉበት ገንዳ ውስጥ አዲስ መንጋ በቀጥታ አይግባ። 20 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ከዋናው ገንዳ ውስጥ አስቀድሞ የቆየ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ አነስተኛ ማሞቂያና መሸሸጊያ የሚሆን ቅጠል ይበቃሉ። አራት ሳምንት እዚያ ይቆዩ።

ዓሣው ቤት ሲደርስ የገንዳው መብራት ይጥፋ። ፌስታሉ እንደታሰረ ለ15 ደቂቃ ውሃው ላይ ይንሳፈፍ፤ ሙቀቱ ይስተካከላል። ከዚያ ዓሣዎቹ ከነውሃቸው ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ይግቡ፤ ከገንዳው በቀጭን የአየር ቱቦ፣ ቱቦውን ቋጠሮ አድርጎ፣ በሰከንድ ሁለት ሦስት ጠብታ እንዲወርድ ይደረግ። በባልዲው ያለው ውሃ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዓሣዎቹ በመረብ ይወሰዱ፤ የባልዲው ውሃ ይደፋ እንጂ ገንዳ ውስጥ አይግባ።

ከአንድ ቀን በላይ ተጉዞ የመጣ ፌስታል ግን በዚህ መንገድ አይስተናገድም። በታሸገ ፌስታል ውስጥ የዓሣው ትንፋሽ ፒኤቹን ያወርደዋል፤ ዝቅ ባለ ፒኤች የተጠራቀመው አሞኒያ አብዛኛው ጉዳት በማያደርስ መልኩ ይቆያል። ፌስታሉ ሲከፈት ከትንፋሹ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይጨምራል፣ አሞኒያውም መርዛማ ይሆናል። ስለዚህ ሙቀቱን ብቻ አስተካክሎ፣ ከፍቶ ወዲያው በመረብ ማሻገር ይሻላል።

በመጀመሪያው ቀን ለዓሣዎቹ ምግብ አይሰጥ። ሁለት ሦስት ቀን ተደብቀው ቢቆዩ ወይም ቀለማቸው ቢገረጣ አያስደነግጥም።

አመጋገብ

አፋቸው ትንሽ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያክል ደቃቅ እህል መሰል ምግብ፣ ወይም በጣት የተፈጨ ቅጠል መሰል ደረቅ ምግብ ይስማማቸዋል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይሰጥ። ኒዮንና ራስቦራ በውሃው መሃል የሚወርደውን ይለቅማሉ፤ ወለል ላይ የወደቀውን ብዙም አይፈልጉትም፤ የወደቀው ሁሉ አሞኒያ ይሆናል። በሳምንት ሁለት ጊዜ በበረዶ የረጋ ዳፍኒያ ወይም የአርቴሚያ ጫጩት (ሁለቱም በውሃ የሚኖሩ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው) ቢጨመር ቀለማቸው ይደምቃል። በሳምንት አንድ ቀን መጾም አይጎዳቸውም። ቤቱ ለሳምንት ቢዘጋ ጤነኛ አዋቂ ዓሣ ያለ ምግብ ይቆያል፤ ለማያውቅ ጎረቤት አደራ ከመስጠት ይህ ይሻላል፣ እንግዳ እጅ ሁልጊዜ ያበዛል።

የሳምንቱ ሥራ

በየሳምንቱ ከውሃው ከ25 እስከ 30 በመቶ ይቀየር። ማሞቂያው መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀል፤ ከውሃ ውጭ የበራ ማሞቂያ መስታወቱ ይሰነጠቃል። በቱቦ ሲቀዳ የወለሉ ቆሻሻ አብሮ ይሳብ። አዲሱ ውሃ ከገንዳው ሙቀት ከ1 ወይም 2 ዲግሪ በላይ አይለይ፤ በእጅ ሳይሆን በቴርሞሜትር ይለካ። ክሎሪን ያለበትን ውሃ በክፍት ዕቃ፣ አየር እየነፋበት አንድ ቀን ማቆየት ክሎሪኑን ያወጣዋል። ብዙ የውሃ አገልግሎቶች የሚጠቀሙበት ክሎራሚን ግን በመቆየት አይጠፋም፤ ማስወገጃ ፈሳሽ የግድ ነው።

ስፖንጁ በወር አንድ ጊዜ፣ ወይም ፍሰቱ ሲደክም፣ ከገንዳው በተቀዳው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ይመለስ። በቧንቧ ውሃ የሚያጥበው፣ ወይም በየወሩ አዲስ የሚገዛ ሰው፣ ያን ሁሉ ሳምንት ያበሰለውን ባክቴሪያ ይጥላል። በሥርዓቱ የያዙት ስፖንጅ ለዓመታት ያገለግላል።

ኃይል ለረጅም ሰዓት ሲቋረጥ ዓሣው አይመገብ፤ ገንዳው በብርድ ልብስ ይሸፈን፤ በባልዲ ቀድቶ ከፍ ካለ ቦታ ውሃውን መልሶ ማፍሰስ ኦክስጅን ይጨምራል። የታሸገ ማጣሪያ ለብዙ ሰዓት ቆሞ ከነበረ ከመነሣቱ በፊት ይከፈትና ውስጡ ያለው የከረመ ውሃ ይደፋ።

ሲበላሽ የሚታየው

ዓሣዎቹ ሁሉ ከውሃው ገጽ ላይ አየር የሚያሳድዱ ከሆነ መጀመሪያ ናይትራይትና አሞኒያ ይለኩ። አንዱም ከተገኘ ሙቀቱ የተስተካከለ ውሃ ወዲያው 50 በመቶ ይቀየር፤ ምግብ ይቁም። ናይትራይት ደሙን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፣ ስንጥቦቹም ቡናማ ይመስላሉ። ምንም ያልተጨመረበት ንጹሕ ጨው፣ ለ10 ሊትር 1 ግራም፣ ናይትራይቱ በስንጥቦች በኩል እንዳይገባ ያግዳል፤ ይህን ያህል ትንሽ ጨው ቴትራዎችን አይጎዳም። ልኬቱ ሁሉ ዜሮ ሆኖ አየር ካጠራቸው ሙቀቱ በዝቷል ወይም የውሃው ገጽ አይንቀሳቀስም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃው ወተት ቢመስል ባክቴሪያ ነው፤ በራሱ ይጠራል። መስታወቱ ላይ የሚወጣው ቡናማ ሽፋንም የአዲስ ገንዳ ጉዳይ ነው፣ በጨርቅ ይጠረጋል። አረንጓዴ ውሃ ግን ብርሃን መብዛቱን ያሳያል።

የጨው ቅንጣት የሚመስል ነጭ ነጥብ በክንፍና በገላ ላይ ከታየ ኢክ የሚባለው የተውሳክ በሽታ ነው። ተውሳኩ በዓሣው ቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም፤ የሚሞተው ከዓሣው ወርዶ ከተባዛ በኋላ፣ ነፃ ሆኖ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኝ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ነጥቡ ጠፋ ተብሎ ሕክምና የሚያቋርጥ ሰው በሳምንቱ እንደገና የሚያየው። ሙቀቱን በቀን ከ2 ዲግሪ ሳያልፉ ወደ 28 ማድረስ የተውሳኩን ዑደት ያፋጥነዋል፤ ሞቃት ውሃ ኦክስጅን ስለሚቀንስ የአየር ፓምፕ ይጨመር። ዋይት ክላውድን ግን አያሙቁ። ብዙ የኢክ መድኃኒቶች ማላካይት ግሪን አለባቸው፤ ቴትራዎች ይህን በደንብ ስለማይችሉት ስለ እነርሱ በመለያው ላይ የተለየ መጠን ካለ እርሱ ይከተል። የካርቦን ማጣሪያ ካለ ይውጣ፣ መድኃኒቱን ይመጥጣልና። ሕክምናው የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላ ለሌላ ሳምንት ይቀጥል።

ኒዮን ላይ የሚመጣው ክፉ በሽታ በጡንቻ ውስጥ የሚራባ ተውሳክ ያመጣዋል። ቀለሙ በአንድ ቦታ እየደበዘዘ ይነጣል፣ ዓሣው ከመንጋው ይለያል፣ ኋላም አከርካሪው ይጎብጣል። መድኃኒት የለውም። የታመመው ቶሎ ይለይ፣ የሞተ ዓሣም ከገንዳው ወዲያው ይውጣ፤ ሌሎቹ ሬሳውን ሲነካኩ ተውሳኩን ይውጡታል። በጠዋት መብራት ሲበራ ኒዮኖች ሁሉ ገርጥተው መታየታቸው ግን በሽታ አይደለም፤ በጨለማ ቀለማቸውን ያጠፋሉ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሱታል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የሌሊቱ ገረጣ በሁሉም ላይ እኩል ነው፣ የበሽታው በአንዱ ዓሣ ላይ በአንድ ቦታ ነው።

ኒዮን በጥሩ አያያዝ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይኖራል፤ ስለዚህ መንጋው አንድ በአንድ መቀነሱ አይቀርም። ከስድስት ሲያንስ ሁለት መንገድ አለ። የሞቱት በዕድሜ ከሆነና የቀሩት ጤነኛ ከሆኑ፣ አዳዲሶቹ አራት ሳምንት በሣጥን ቆይተው ይጨመሩ። በተከታታይ ሳምንታት ውስጥ የሞቱ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ዓሣ አይገዛ። በዚያው ዓይነት መቀጠል የማይፈለግ ከሆነ የቀሩት ሦስት ወይም አራት ዓሣዎች መንጋ ላለው ሌላ ሰው ይሰጡ፤ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ግን አይለቀቁ።